እናቴ በጎመን የቀናች ጊዜ

ልጅ ሳለሁ ጎመን የሚያድገው በንግግር ይመስለኝ ነበር። ያመንኩትም ያለ ምክንያት አይደለም። ከቤታችን ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር የቀበሌያችን ሊቀመንበር የጓድ ለይኩን ግቢ ነበር። በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቄ ስመለከት ጓድ ለይኩን እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ በጥቅል ጎመኖቹ መካከል ይንጎራደዳል። ድንገት ቆም ይልና ቡጢውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ጮክ ብሎ ይናገራል። ጎመኖቹ ጸጥ ብለው ያዳምጡታል። እናቴን ጠየቅኳት።

"ታዲያስ!" አለች ድስቱን እያማሰለች። "እንዲያ የወፈሩት ንግግር እየበሉ አይደል?"

አመንኳት። የእኛ ጓሮ ጎመን የቀጨጨው ተናጋሪ አጥቶ ነው ብዬ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፊቱ ቆሜ ከትምህርት ቤት የለመድኩትን መዝሙር ሁሉ ዘመርኩለት። ቅጠል እንኳ አልጨመረም፤ እንዲያውም አንዱን ዶሮ በላችው።

ዛሬ ነገሩ ይገባኛል። ጓድ ለይኩን የእሑድ ስብሰባ ንግግሩን የሚለማመደው እዚያ ነበር። ጎመኖቹ ደግሞ የሚወፍሩት በእኛ ውሃ ነበር።

ጊዜው ደርግ፣ ዘመኑ የሰባዎቹ መጀመሪያ ነው። ሰፈራችን ከቀበና ወንዝ አፋፍ ላይ የተደረደሩ የጭቃ ቤቶች ናቸው፤ ያ ሁሉ ሰው የሚጠጣው ከአንድ ቦኖ ነበር። የቦኖው ቁልፍ ያለው በእትዬ ዲንቄ አንገት ላይ ነው። እትዬ ዲንቄ ቀድሞ ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክማ እየወረደች ትሸጥ የነበረች ሴት ናት፤ ገና ሳታረጅ ወገቧ ጎብጧል። ቀበሌው ቦኖውን እንድትጠብቅ ሲቀጥራትና ከቦኖው አጠገብ ያለችውን አንድ ክፍል ቤት ሲሰጣት የተሸከመችበትን ገመድ ምድጃ ውስጥ ጨምራ አቃጥላዋለች አሉ። "ከእንግዲህ ጫካውን የማየው በዓይኔ ብቻ ነው" ትል ነበር።

እኔን ትወደኛለች። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሳልፍ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ እኔን ታስከፍተኛለች። በመጀመሪያው ውሃ ፊቴን ታጥበኝና "በሉ ተሰለፉ! ፈትለወርቅ ውሃውን መርቃዋለች!" ብላ ትጮሃለች። በዚያ ሰፈር ውስጥ ከእኔ የበለጠ ባለሥልጣን ያለ አይመስለኝም ነበር።

ታዲያ የሊቀመንበሩ ጎመን እየወፈረ ሲሄድ ቦኖው እየቀጠነ ሄደ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ይመጣ ጀመር። ኋላ እኔ ስከፍተው "እፍፍ" ብሎ አየር ይተፋና ዝም ይላል። እትዬ ዲንቄ ጆሮዋን ብረቱ ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች። ፊቴን ሳልታጠብ ትምህርት ቤት መሄድ ጀመርኩ፤ እውነቱን ለመናገር በዚህ እኔ አልተከፋሁም።

ትልልቆቹ ሁሉ ውሃው የት እንደሚሄድ ያውቁ ነበር። ከቦኖው መስመር ላይ አዲስ ቧንቧ ተቀጥሎ፣ በአጥር ሥር ለአጥር ሥር ሄዶ፣ ጓድ ለይኩን ግቢ ገብቷል። እዚያም በቀይ ቀለም "አርአያ የጓሮ አትክልት" የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ጎመኑ ይጎበኛል፣ ይጨበጨብለታል። ጎረቤታችን ዲንሳ አንድ እሑድ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ "ያ በአጥር ሥር የሚያልፈው ቧንቧ ወዴት ነው የሚሄደው?" ብሎ ጠየቀና ፀረ ሕዝብ ተባለ። የቀበሌው መጋዘን ውስጥ ከርሞ ሲወጣ ጺሙ አድጎ ነበር። እኔ ለበዓል ያሳደገው መስሎኝ "ያምርብሃል" አልኩት። ሚስቱ ጂቱ ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ቧንቧ የሚለው ቃል ከሰፈሩ አፍ ጠፋ።

ሰው በውሃ ጥም ማጉረምረሙን ሊተው ስላልቻለ ግን ጓድ ለይኩን ጥፋተኛ አስፈለገው። አንድ ሐሙስ ዕለት በድምፅ ማጉያ ተነገረ፦ ቦኖ ጠባቂዋ በሰፊው ሕዝብ ውሃ ላይ አሻጥር ስለሠራች በመጪው እሑድ በነዋሪው ፊት ቆማ ግለ ሂስ ታደርጋለች።

ግለ ሂስ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ሰው ተነሥቶ በራሱ አፍ "አጥፍቻለሁ" ይላል፤ ይጨበጨባል፤ ከዚያ አብዮት ጠባቂዎቹ ይዘውት ወደ መጋዘኑ ይሄዳሉ። የኅብረት ሱቁ ሻጭ እንደዚያ ሲሆን አይቻለሁ። እትዬ ዲንቄ ያን ማታ ቤታችን መጥታ የቁልፉን ክር በጣቷ እየጠቀለለች ቁጭ አለች።

"ያላደረግሁትን አደረግሁ ብል ቁልፉንም ቤቱንም ይወስዱብኛል" አለች። "አላደረግሁም ብል ደግሞ ያስሩኛል። የሺዬ፣ ወደ እንጨቱ መመለሴ ነው። በዚህ ወገቤ!"

እናቴ የሺሃረግ ጋቢዋን አውልቃ አለበሰቻት። አባቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ስለነበር ቤቱ ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም። እኔ በሆዴ እትዬ ዲንቄ ምን ብታጠፋ ነው እያልኩ አስብ ነበር።

ቅዳሜ እንደ ወትሮው ልብስ አጠባ ቀበና ወረድን። ሴቶቹ በየድንጋያቸው ላይ ተደርድረው ሲያጥቡ፣ እማማ ለተጊዮርጊስ ማጠቡን ትተው ነጠላቸውን አጣፉ። የሰፈሩ ትልቅ እሳቸው ናቸው፤ ቤታቸው ከሊቀመንበሩ ግቢ ጋር በአጥር ይዋሰናል።

"ስሙኝማ" አሉ። "ሰው መክሰስ ያሳስራል። ራስን መክሰስ ግን የአብዮታዊ ዜጋ ግዴታ ነው ብሎ ይኸው ልጅ ለይኩን በየሳምንቱ ጆሯችንን ያደነቁረን የለም? እንግዲያው ግዴታችንን እንወጣ። ዲንቄ ብቻዋን አትነሣም።"

"ምን ብለን እንነሣለን፣ እማማ?" አለች እናቴ።

"ያጠፋነውን ነዋ! አንቺ ምን አጥፍተሻል?"

እናቴ የጨመቀችውን ሸሚዝ እንደያዘች አሰበች። "እኔማ..." አለች፣ "እኔማ በጎመን ቀንቻለሁ።"

ከዚያ ጂቱ መጀመሪያ ፈነዳች፤ ሌሎቹ ተከተሉ። አንዷ ሳቋ አላስቆም ብሏት ከነቀሚሷ ውሃው ውስጥ ቁጭ አለች።

"እውነቴን እኮ ነው!" አለች እናቴ። "ልጄ ፊቷን ሳትታጠብ ትምህርት ቤት ስትሄድ የእሱ ጎመን በቀን ሁለቴ ይታጠባል። ምነው ጎመን ሆኜ በተወለድኩ ብያለሁ!"

"እኔ ደግሞ" አለች ጂቱ፣ "በአጥሬ ሥር የሚሄደውን ነገር 'እሽሽ' ሲል እባብ መስሎኝ በዱላ ወቅቼዋለሁ። የሕዝብ ንብረት ነው የደበደብኩት!"

እንዲህ እያሉ እየተቀባበሉ፣ አንዷ የሌላዋን ጥፋት እያሳመረችላት፣ "እሱንማ እንዲህ ብለሽ ጨርሺው" እያሉ ተለማመዱ። እኔ ግን በቁሜ ደነዘዝኩ። እናቴ አጥፊ ናት! ጎረቤቶቻችን ሁሉ አጥፊዎች ናቸው! ይባስ ብሎም በጥፋታቸው ይወዳደራሉ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ይስቃሉ። ነገ ሁሉም መጋዘን ሊገቡ ነው፤ ያ መጋዘን እንኳን ያን ሁሉ ሰው ዲንሳንም በደንብ አልያዘም ነበር። እኔስ ከማን ጋር ነው የማድረው?

በዚህ መካከል ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። የሊቀመንበሩ ሚስት እትዬ ዘርትሁን በመንገዱ ስትወርድ ታየች። ሁልጊዜም እንዲህ ነው። እሷ ስትመጣ ሴቶቹ ዝም ይላሉ፣ እሷም አንገቷን ደፍታ ሰላም ትልና ወደ ታች ወርዳ ብቻዋን አንድ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። እኔ ዝምታውን ከአክብሮት ቆጥሬው ነበር፤ ቄስ ሲያልፍ ዝም እንደሚባለው።

ስለ እትዬ ዘርትሁን ሌላም የማምነው ነገር ነበረኝ። ከሰፈሩ ሁሉ ድሃ እሷ ትመስለኝ ነበር። ይዛ የምትመጣው ሁልጊዜ አንድ ነጭ አንሶላና አንድ ነጠላ ነው፤ ሌላ ልብስ የላትም ማለት ነው። ከሰፈሩ ሁሉ ጎበዝ አጣቢም እሷ ነበረች። ከእናቴ ልብስ የሚወጣው ውሃ ሻይ ይመስላል፤ ከእሷ አንሶላ የሚወጣው ግን እንደገባው ጥርት ብሎ ነው የሚወጣው። ምን ዓይነት እጅ ቢኖራት ነው እያልኩ እገረም ነበር።

የእናቴ ሳሙና ከእጇ አምልጦ ከውሃው ጋር ወደ ታች ሄደ። ሳሙና በዚያን ጊዜ እንደ ዋዛ የሚገኝ ነገር አልነበረምና "ሩጪ!" አለችኝ። እትዬ ዘርትሁን ቀድማ ይዛው ጠበቀችኝ።

"ሳሙናሽ እኔ ዘንድ መጣ፣ ፈትሌ።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ።"

እጄን ብዘረጋም ሳሙናውን አልለቀቀችልኝም። ወደ ላይ፣ ወደ ሴቶቹ ተመለከተች። "እስቲ ንገሪኝ" አለች ቀስ ብላ፣ "እኔ ከመምጣቴ በፊት ምንድን ነበር እንዲያ ያሳቃቸው?"

ይኼኔ የያዝኩት እንባ ዝርግፍ አለ። "እማዬ በጎመን ቀንታለች! ነገ በስብሰባ ላይ ልትናገር ነው። ጂቱም ቧንቧውን በዱላ መትታዋለች። እማማ ለተጊዮርጊስም አጥፍተዋል። እትዬ ዲንቄ ብቻዋን እንዳትነሣ ሁሉም ሊነሡ ነው። እባክዎ ለጓድ ለይኩን ይንገሩልኝ፣ እማዬን መጋዘን እንዳያስገቡብኝ!"

አሁን ሳስታውሰው እንኳ በሳቅ እፈርሳለሁ። የሰፈሩ ሴቶች የመከሩትን ምክር ሁሉ፣ አንድም ሳላስቀር፣ ለሊቀመንበሩ ሚስት አስረከብኩ። ለዚያውም በእንባ አጅቤ። ያን ጊዜ ግን ለበላይ አቤት ማለቴ ነበር።

እትዬ ዘርትሁን ወደ እኔ ጎንበስ አለች። ከዚያ "በጎመን?" አለች፤ እየደጋገመች "በጎመን!" አለችና አፏን በነጠላዋ ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ቀና ስትል ዓይኗ ረጥቧል። ሳሙና የገባባት መሰለኝ።

"አይዞሽ" አለችኝ፣ ሳሙናውን መዳፌ ላይ አድርጋ ጣቶቼን እየዘጋችልኝ። "እናትሽን ማንም አይነካብሽም። ለእኔ መንገርሽን ግን ለማንም አትንገሪ። እሺ?"

"እሺ" አልኩ። ማታ እናቴ ከወትሮው አስረዝማ ስትጸልይ ሰማሁ። ንስሐ መግባቷ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ፈርታ እንደነበር የነገረችኝ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። "ከመካከላችን አንዷ ብታፈገፍግ ሁላችንም ማለቃችን ነበር" አለችኝ።

እሑድ ጠዋት ሴቶቹ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሲመጡ ሁሉም ባዶ ባልዲ፣ እንስራ፣ ጀሪካን ይዘዋል። ጓድ ለይኩን በር ላይ ቆሞ ነበር። "ይህ ሁሉ ዕቃ ምንድን ነው?" አለ።

"ከስብሰባው እንደወጣን ለውሃ ወረፋ ልንሰለፍ ነዋ፣ ጓድ" አሉት እማማ ለተጊዮርጊስ። "ጊዜ የሕዝብ ሀብት ነው፣ አታባክኑ ብለውን የለ?" ትናንት ወንዝ ዳር "ይኸው ልጅ" ያሉትን ሰው ዛሬ አንቱ ሲሉት እኔም ሰማሁ።

ከጎኑ ከከፍተኛው የመጣ እንግዳ ቆሞ ስለነበር ጓድ ለይኩን ፈገግ ብሎ አሳለፋቸው። እንግዳው የመጣው ከስብሰባው በኋላ ጎመኑን ለመጎብኘት ነው። እትዬ ዘርትሁን ፊት አግዳሚ ላይ፣ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ተቀምጣለች። እኔ ከእናቴ እግር ሥር ባልዲያችን ላይ ተቀመጥኩ።

ቡጢያችንን አንሥተን መፈክር አሰማን። ይህን በጣም እወደው ነበር፤ አዋቂ ሁሉ እንደ ልጅ የሚጮህበት ጊዜ ሌላ የለም። ከዚያ ጓድ ለይኩን ንግግሩን ጀመረ። በአጥሩ ቀዳዳ ሰምቼው ስለነበር ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አብሬው ተናገርኩ። "ራሱን የማይነቅስ አረሙን ያሳድጋል!" በሚለው ላይ ሲደርስ ቡጢውን ይሰቅላል፤ እኔም ሰቀልኩ። ግለ ሂስ የአብዮቱ ሳሙና ነው፣ ማንም ዜጋ ሊነፈገው አይገባም አለ። ተጨበጨበ።

"አሁን" አለ፣ "ቦኖ ጠባቂዋ ትነሣ።"

እትዬ ዲንቄ ተነሣች። ቁልፉን በሁለት እጇ ይዛዋለች። አፏን ከመክፈቷ በፊት ከኋላ "ሥነ ሥርዓት!" የሚል ድምፅ ተሰማ። እማማ ለተጊዮርጊስ በበትራቸው ተደግፈው ቆመዋል።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ግለ ሂስ ለማንም አይነፈግም ብለዋል። በዕድሜ ይሁንና እኔን ያስቀድሙኝ።"

"እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ያጠፋሉ?"

"እንዴት አላጠፋም! ሁልጊዜ ሊነጋጋ ሲል ከአጥሬ ወዲያ፣ ከእርስዎ ጓሮ ውሃ ሲንፎለፎል እሰማለሁ። እኔ አሮጊት ዝናብ መስሎኝ እንስራዬን እያወጣሁ ደጅ አስቀምጣለሁ። ይኸው ስንት ጊዜዬ፣ እንስራው ባዶውን ይቀራል። ይህ የንቃት ጉድለት ነው። ራሴን እነቅፋለሁ።" ተቀመጡ።

አንድ ሰው ሳቅ አፈነ። ጂቱ ተነሣች፤ ቧንቧውን በዱላ መደብደቧን ስትናገር ራሷን በምር የምትረግም ትመስል ነበር። ሌላዋ ተነሥታ ውሃ የሚታደለው ለሰው እየመሰላት መሳሳቷን፣ ሌላዋም የጎመን ወረፋ ከሰው ወረፋ እንደሚቀድም ባለማወቋ መጸጸቷን ተናገረች። አብዮት ጠባቂዎቹ በሩ ላይ ጠመንጃቸውን ተደግፈው መሬት መሬቱን ያያሉ፤ የአንደኛው ከንፈር እየተንቀጠቀጠ ነው። ያቺ የመጨረሻዋ ተናጋሪ እናቱ ነበረች።

"በቃ!" አለ ጓድ ለይኩን። "ይህ ከአጀንዳ ውጭ ነው!"

እንግዳው ግን እጁን አነሣ። "ጓድ ለይኩን፣ ሰፊው ሕዝብ ግለ ሂስ ሲያደርግ አይቋረጥም። ይቀጥሉ።"

እናቴ ተነሣች። ፊቴን በቀሚሷ ሸፈንኩ። "እኔ በጎመን ቀንቻለሁ" ስትል አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ፈነዳ። የጣሪያው ቆርቆሮ የሚነሣ መሰለኝ። እኔ ብቻ አለቀስኩ። እናቴ እኔን ልጇን እያለች፣ ጎመን ሆና መወለድ የምትመኝ ሴት መሆኗን ያ ሁሉ ሰው ሰማ!

ሳቁ ሳያበቃ እትዬ ዘርትሁን ከፊት ተነሥታ ወደ ሕዝቡ ዞረች። ሳቁ ጠፋ። እማማ ለተጊዮርጊስ እንኳ በትራቸውን ጨበጡ።

"አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?" አለ ጓድ ለይኩን። ድምፁ የቤት ድምፅ ሆነ።

"እኔም ግለ ሂስ አለኝ" አለች። "ቤቴ ውሃ ሞልቷል። ልብሴን እዚያው ነው የማጥበው። ከዚያ የታጠበውን፣ የደረቀውን፣ ንጹሑን አንሶላ ይዤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀበና እወርዳለሁ። ከጎረቤቶቼ ጋር መቀመጥ አምሮኝ ነው። እነሱ አያናግሩኝም፤ አልፈርድባቸውም። ቤቴ ያለው ውሃ የዲንቄ ቦኖ ውሃ ነው። ዲንቄ ምንም አላጠፋችም። ባለቤቴ ቧንቧውን ሲያስገባ አየሁ፣ ዝም አልኩ። ጎመኑን ያጠጣሁትም እኔ ነኝ። ራሴን እነቅፋለሁ።"

ያን ጊዜ ከተናገረችው ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንሶላው መጀመሪያውኑ ንጹሕ ነበር። ተታለልኩ ብዬ ተናደድኩ።

እንግዳው ጓድ ለይኩንን አየ፣ እትዬ ዲንቄን አየ፣ ባልዲዎቹን አየ። "ይህ ቧንቧ የት ነው ያለው?" አለ።

ከኋላ ዲንሳ ተነሣ። "እኔ አውቀዋለሁ" አለ። "ከዚህ በፊት ጠይቄም ነበር።"

ከዚያ በኋላ የሆነው ሰርግ ነው። ሕዝቡ ባዶ ባልዲውን እንደያዘ ከአዳራሹ ወጥቶ ሽቅብ ወደ ሊቀመንበሩ ግቢ ጉዞ ጀመረ። መፈክር የለም፣ ቡጢ የለም፤ የባልዲ እጀታ ብቻ "ቋ ቋ" ይላል። አንዷ እልል አለች፣ ሌላዋ ተቀበለቻት። እኛ ልጆች ፊት ፊት እየዘለልን ሄድን። ሰላማዊ ሰልፍ የሚለውን ነገር ያወቅኩት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ሳውቀውም አዲስ አልሆነብኝም። እኔ የማውቀው የባልዲ ድምፅ ያለበትን ነው።

ቧንቧው ከአጥሩ ሥር ተቆፍሮ ወጣና ተቆረጠ፤ ጫፉም ተደፈነ። እንግዳው ጎመኖቹ መካከል ቆሞ ትንሽ አሰበና "የሰፊውን ሕዝብ ውሃ የጠጣ ጎመን የሰፊው ሕዝብ ነው!" ብሎ አወጀ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጭብጨባ ሰምቼ አላውቅም። ባልዲዎቹ ጎመን ተሸክመው ወረዱ። ትልቁ ለእናቴ ደረሳት፤ ከጥፋቶቹ ሁሉ የእሷ ስለበለጠ የተሰጣት ሽልማት ነው ብዬ አመንኩ። ያን ሳምንት ሰፈሩ በሙሉ ጎመን ጎመን ሸተተ።

እንግዳው ቅዱስ አልነበረም። ሁለቱን ወፋፍራም ጎመን በመኪናው ጭኖ ሲሄድ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ጓድ ለይኩንም ከሊቀመንበርነቱ አልወረደም፤ ሰው ማሰሩንም በዚያ ቀን አልተወም። ዘመኑ ያው ዘመኑ ነበር። ግን ከዚያ እሑድ ወዲህ ንግግር ሲያደርግ "ግለ ሂስ" የምትለዋን ቃል ዘለላት። እኔም አሁን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃ ሲጠፋብን፣ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተነሥቼ "ግለ ሂስ አለኝ" እላለሁ። ወጣቶቹ ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም፤ ኮሚቴው ግን ምን ልል እንደሆነ ለምዶታል፣ ገና ስነሣ ላብ ያጠምቀዋል።

በዚያው እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ዲንቄ ቁልፉን አንገቷ ላይ መልሳ አጠለቀች። ከዚያ ሐሳቧን ቀየረችና አውልቃ ለእኔ ሰጠችኝ። ስከፍተው መጀመሪያ "እፍፍ" አለ፣ ቀጥሎ ቀይ ውሃ ተፋ፣ ቀጥሎ እንደ ጥንቱ ተንዶለዶለ። እትዬ ዲንቄ እያለቀሰችና እየሳቀች ፊቴን፣ አንገቴን፣ ጆሮዬን አጠበችኝ፤ ያመለጠኝን ሁሉ በአንድ ቀን አካካሰችው። "ተሰለፉ!" ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋ እንጦጦ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

እትዬ ዘርትሁን ያን ቀን ወደ ቤቷ አልገባችም። እማማ ለተጊዮርጊስ እጇን ይዘው "ዛሬ እኔ ዘንድ ነው የምታድሪው" አሏትና እዚያው ሰነበተች። ጓድ ለይኩን ሽማግሌ ላከ፤ ሽማግሌዎቹ ተመላለሱ፤ በመጨረሻ ራሱ መጥቶ የእማማ ደጃፍ ላይ ቆመ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። እሷ ግን ወደ ቤቷ የገባችው አንገቷን ሳትደፋ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀበና ወረድን። ሴቶቹ እያወሩ ሳለ እትዬ ዘርትሁን ትልቅ ዘምቢል በጀርባዋ አዝላ በመንገዱ ስትወርድ ታየች። ወሬው አልቆመም። እናቴ ከድንጋይዋ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችና "ነይ ዘርትሁን፣ እዚህ ጋ ነይ" አለቻት። መጥታ ተቀመጠች። ዘምቢሉን ከፍታ የባሏን ሱሪ አወጣች፣ ጉልበቱ ድረስ የጓሮ ጭቃ የጋገረበት። ውሃው ውስጥ ስትነክረው ወንዙ ደፈረሰ።

ደነገጥኩ። ያቺ ጎበዝ አጣቢ! የእናቴን ጆሮ ስቤ፣ በሹክሹክታ ነው ብዬ፣ "እማዬ፣ እትዬ ዘርትሁን ማጠብ ረሳች!" አልኳት።

ሹክሹክታዬ ወንዙን ተሻግሮ ተሰማ። ጂቱ እንደ ልማዷ መጀመሪያ ፈነዳች፣ እናቴ ሳሙናዋን ጣለች፣ እማማ ለተጊዮርጊስ ጎናቸውን ያዙ። ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው ግን እትዬ ዘርትሁን ነበረች፤ የጭቃውን ሱሪ ደረቷ ላይ እንደታቀፈች። ያን ቀን ምን እንደሚያስቃቸው ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም።